ሱሉልታ ግቢ ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ በቀዳዳ ድንጋይ፦ ኮራል ከሆነ የትኛው ነው?

ሱሉልታዊት

ሰላም ለዚህ ቤት። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ የአበባው መደብ ዳር ዳሩ በድንጋይ ታጥሯል። ከአንዱ በቀር ሁሉም የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱ ከላይ ግራጫ ነው፤ አንድ ጎኑ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከሥር ነጭ ወጣ። መላ ፊቱ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ሲሆን ከየቀዳዳው ጠርዝ ወደ መሃል የሚሄዱ ስስ ስስ መስመሮች አሉት። በሁለት እጅ ይታቀፋል። ሲያነሡት ግን ከጠበቁት በላይ ይቀላል።

ፎቶ አያይዣለሁ፤ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር። ጓደኛዬ አይታው "ይሄማ የባሕር ኮራል ነው" አለችኝ። እኛ ያለነው እኮ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው! ኮራል ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል? ዓይነቱስ ይታወቃል? የምታውቁ ተባበሩኝ።

ቢራቢሮ

በቃ ሱሉልታ የባሕር ዳር ከተማ ሆነች። ለአከራይሽ እንዳትነግሪያት ብቻ፣ ኪራይ መጨመሪያ ታደርገዋለች። ሃሃሃ።

የሰበታው መምህር

አጥንት የሚል ሰው ከመምጣቱ በፊት ልቅደም፤ አጥንት እንዲህ እንደ ጨረር ወደ መሃል የሚሄድ መስመር የለውም። ጠንካራ ኮራል ነው። እኔ "ፋቪያ" እላለሁ። ባዮሎጂ ሳስተምር የማሳየው ሥዕል ቁርጥ ይሄው ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ሞልቷል።

አለት_ወዳድ

መምህር፣ ኮራልነቱ ላይ እስማማለሁ። ወደ ስሙ ከመሄዳችን በፊት ግን ከየት እንደመጣ ብናጣራ ይሻላል። እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፣ የባሕር አይደለሁም።

ከእንጦጦ ወዲያና ወዲህ ያለው መሬት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። የእንጦጦ አለት ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ኮራል አይጠበቅም። ስለዚህ ይህንን ድንጋይ ሰው ነው ያመጣው። ከየት የሚለው ላይ ሦስት ነገር ይታየኛል።

ቅርቡ ሙገርና የዓባይ በረሃ ነው። ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። መቀሌ አካባቢ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይም የዚያው ዘመን ነው። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ዛጎል የሚመስል፣ ኮራልም ጭምር ይገኝበታል። ከጫንጮ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ደግሞ በሱሉልታ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው አፋር ነው። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ድሮ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ሲቋረጥ ውኃው ተንኖ ጨው ሆነ፤ ዳር ዳሩ ላይ የነበሩት የኮራል ሪፎች (ኮራል ባሕር ውስጥ የገነባው የድንጋይ ክምር) ግን ቆመው ቀሩ። ዛሬ ከባሕር ጠለል በታች፣ በደረቅ መሬት ላይ ታያቸዋለህ። ብዙዎቹ ወደ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው። ለጉብኝት የሄደ ሰው አንዱን ኪሱ ከትቶ ሊመጣ ይችላል። (ባይከት ይሻላል።)

ሦስተኛው ከባሕሩ ራሱ ነው። ምጽዋ፣ አሰብ፣ ጅቡቲ።

"ይቀላል" ማለትሽ ሙገርን ይጥለዋል። የጁራሲክ ኮራል ቀዳዳው በካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ተሞልቷል፤ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ይከብዳል። ከውስጡም ነጭ ዱቄት መሳይ ሳይሆን የሚያብለጨልጭ ነው።

ለማረጋገጥ ያህል ከሥሩ በኩል፣ በማይታይ ቦታ፣ አንድ ጠብታ ሎሚ ጣይበት። አቼቶም ይሆናል። ካፎከረ ኖራነት አለው። አንድ ጠብታ ብቻ፤ አሲድ ይበላዋል።

ትሑት_ሰው

ደጋ ላይ የባሕር ነገር ሲገኝ ሁሉም ሳይንስ ሳይንስ ይላል። በኖኅ ዘመን ውኃው ተራሮችን ሁሉ እንደሸፈነ ተጽፏል። እሱን ለምን አታነሡም?

አለት_ወዳድ

ወንድሜ፣ በእምነትህ አልከራከርህም። ይህ ድንጋይ ግን ከመሬት ተቆፍሮ አልወጣም፤ የአበባ መደብ ዳር ነው የተቀመጠው። ውኃ ቢያመጣው ኖሮ ብቻውን አይመጣም ነበር። መሠረት የሚቆፍር ሁሉ ባገኘ።

ትሑት_ሰው

እሱስ ልክ ነህ። ለማንሣት ያህል ነው።

ሱሉልታዊት

ሙከራውን ሠራሁ። ከሥሩ በቢላ ፋቅ አደረግሁና ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን "ትሽ" የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ከዚያ ጥቃቅን አረፋ ከጠብታው ሥር እየተነሣ ዳር ዳሩ ላይ ተሰበሰበ። ጎኑ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይም ሞከርኩት፤ ሎሚው ዝም ብሎ ፈሰሰ።

አከራዬ በመስኮት እያዩኝ "ልጄ፣ ድንጋይ ላይ ሎሚ ትጨምቂያለሽ?" ብለው ሳቁብኝ። ማታ ስለ ድንጋዩ እጠይቃቸዋለሁ።

ጠላቂው

እኔም ልግባ። ጅቡቲ ውስጥ ጠላቂዎችን በሚያወጣ ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ገላን ነኝ፣ ባሕር በሕልሜ ብቻ ነው የማየው። ስለዚህ ይህን ክር ሳገኝ ሥራዬን ጥዬ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ብዙ ሰው የሞተ ኮራል አይለይም ይላል። ተቃራኒው ነው። ቀለም አታላይ ነው፤ የሚመጣው ከሥጋውና ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ዓይን ከማያያቸው አልጌዎች ነው። አንዱ ዝርያ እዚህ ቡናማ፣ ሃምሳ ሜትር አለፍ ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። አፅሙ ግን ቅርጹን ይይዛል። ለጠንካራ ኮራል ስም ሲወጣ የኖረውም በአፅሙ ነው። ሱሉልታዊት እጇ ላይ ያለው ዋናው ማስረጃ ነው።

ቀይ ባሕር ውስጥ ከ300 በላይ የጠንካራ ኮራል ዝርያ አለ። አትደንግጪ፣ አብዛኛውን ከፎቶው ብቻ መጣል ይቻላል። ቅርንጫፍ ስለሌለው አክሮፖራ፣ ፖሲሎፖራና ስታይሎፎራ ወጡ። ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚቆጠሩ ስለሆኑ ፖራይትስ ወጣ፤ የፖራይትስ ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ከሩቅ ለስላሳ ይመስላል። አንድ ትልቅ ሳሕን መሳይ ብቻውን የሚኖር ስላልሆነ ፈንጂያም አይደለም። ቀዳዳዎቹ ተያይዘው ጠመዝማዛ ሸለቆ ስላልሠሩ ፕላቲጂራ አይሆንም። "የአንጎል ኮራል" የሚሉት እሱን ነው፤ ፎቶሽ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ራሱን የቻለ ነው።

የቀሩት ጥቂት ናቸው፦ ፋቪተስ፣ ጎኒያስትሪያ፣ መምህር ፋቪያ ያሉት፣ እና አንድ ሁለት ዘመድ አዝማድ። እነዚህን ለመለየት አራት ነገር እፈልጋለሁ። ቀዳዳውን ጽዋ ልበለው፤ የአንድ ፖሊፕ፣ ኮራሉን የሚሠራው ትንሽ እንስሳ፣ ቤት ነው።

ሁለት ጎረቤት ጽዋዎች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ? ወይስ ለየራሳቸው ግድግዳ ኖሯቸው በመሃል ቦይ አለ? ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

የጽዋው ስፋት ከግድግዳ ጫፍ እስከ ግድግዳ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

ለሁለት ሊከፈል ሲል የተያዘ ጽዋ አለ? ወይስ ትንንሽ አዲስ ጽዋዎች በትልልቆቹ መካከል ብቅ ብቅ ብለዋል?

ጽዋው ውስጥ፣ መሃል ላይ ካለው ስፖንጅ መሳይ እምብርት ዙሪያ፣ የጉብታ ቀለበት ይታይሻል?

ፎቶ ስታነሺ የስልኩን ፍላሽ አጥፊ። ክፍሉን አጨልሚና የሌላ ስልክ መብራት ከጎን፣ መሬት ለመሬት አብሪበት። ጥላው ነው ሁሉንም የሚያሳየው። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጪ። መጀመሪያ ግን አጥቢው፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ውኃ ብቻ። ሎሚው ይበቃዋል።

አያት_አኳሪየም

ካልፈለግሽው እኔ እወስደዋለሁ፤ ዓሣ ገንዳዬ ውስጥ ያምራል።

ጠላቂው

የምን ዓሣ ነው ያለህ? ኮራል ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟና ውኃውን ያጠነክራል፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ይወዱታል። ኒዮን ቴትራ ካለህ ግን አትሞክረው።

አያት_አኳሪየም

ኒዮን ነው። ትቼዋለሁ።

ሱሉልታዊት

ብሩሹ ተአምር ሠራ። ግራጫው ግማሹ አቧራ ነበር። በታዘዝኩት መሠረት አጨልሜ ከጎን አበራሁበት፤ አዲሶቹን ፎቶዎች እዩልኝ።

ቦይ አለ። ከላይ፣ አናቱ ላይ፣ በሁለት ጽዋ መካከል የጥፍሬ ጫፍ ይገባል። ከየግድግዳው ውጪም ወደ ቦዩ የሚወርዱ መስመሮች አሉ፤ ከጎረቤቱ መስመር ጋር አንዳንዱ ይገናኛል፣ አንዳንዱ አይገናኝም። ስፋቱ አብዛኛው ከ11 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ክብ የሆነ አለ፣ ሞላላ የሆነ አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ጮህኩ። አናቱ አካባቢ ስምንት ቁጥር የመሰለ ጽዋ አለ። ወገቡ ጠቧል፤ ሁለት እምብርት አለው፤ በመካከላቸው መስመሮቹ መጠጋጋት ጀምረዋል፣ ገና አልገጠሙም። ከእሱ አለፍ ብሎ ያለቀለት አለ፦ ሁለት ጽዋ ጀርባ ለጀርባ፣ በመሃል ገና ቀጭን ግድግዳ። ትንሽ አዲስ ጽዋ በትልልቆቹ መካከል ግን አላየሁም።

የጉብታውን ቀለበት እርግጠኛ አይደለሁም። በጥቂቱ ላይ ያለ ይመስላል፣ ግን ጎልቶ አይደለም።

መስመሮቹንም ቆጠርኩ። መምህር ኮራል በ6 ብዜት ነው ሲሉ ስለማውቅ። አንዱ ላይ 31፣ አንዱ ላይ 27 መጣ።

ጠላቂው

ተባረኪ። ብዙ ተማሪ እንዲህ አያይም።

ቁጥሩ አያስጨንቅሽ። መስመሮቹ ሴፕታ ይባላሉ። በመርህ ደረጃ የጠንካራ ኮራል ሴፕታ በ6 ብዜት ነው። እየተከፈለ የሚባዛ ኮራል ላይ ግን ሂሳቡ ይፋለሳል፤ ጽዋው ለሁለት ሲካፈል ሴፕታውንም ይካፈላልና።

ቦይ ካለ ፋቪተስ ወደቀ። ፋቪተስ ጎረቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፣ ቦይ የላቸውም። ጎኒያስትሪያም ይጋራል፤ ጽዋው ብዙውን ጊዜ አነስ ያለና ማዕዘናዊ ነው፣ የጉብታው ቀለበትም ጎልቶ ይታያል። ስምንት ቁጥሩ ደግሞ በመካከል አዲስ ጽዋ የሚያበቅሉትን፣ አስትሪያንና የመሳሰሉትን፣ ይጥላቸዋል።

የቀረው ዲፕሳስትሪያ ነው። መምህር ፋቪያ ያሉት እሱው ነው።

የሰበታው መምህር

ወንድሜ ጠላቂው፣ ዲፕሳስትሪያ የሚል መጽሐፌ ላይ የለም። ፋቪያ ነው የሚለው። ከዚያ ደግሞ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ ጎኑ ላይ ያሉት ጽዋዎች ግድግዳ ተጋርተዋል። ቦይ አላየሁም። ታዲያ ፋቪተስ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ጠላቂው

መምህር፣ ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ስሙን በተመለከተ መጽሐፍዎ ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ይመስለኛል። ድሮ የአትላንቲኩም የእኛ በኩሉም አንድ ላይ ፋቪያ ይባሉ ነበር፤ አፅማቸው ይመሳሰላልና። በ2004 እ.ኤ.አ. የዘር ቅንጣታቸው ሲመረመር የአትላንቲኮቹና የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖሶቹ ሩቅ ለሩቅ ሆነው ተገኙ። መመሳሰላቸው የመልክ ብቻ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ፋቪያ የሚለው ስም ለአትላንቲኮቹ ተተወና በእኛ በኩል ላሉት ዲፕሳስትሪያ የሚለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስም ተመለሰላቸው። ቤተሰባቸውም ተለወጠ፤ አሁን ሜሩሊኒዳ ውስጥ ናቸው። ቀይ ባሕር የሕንድ ውቅያኖስ ጭራ ስለሆነ ከዚህ ወገን ነው። ፎቶ ብቻ አይተው በአንድ ጊዜ ፋቪያ ማለትዎ ግን ዓይንዎ የሰላ ነው ማለት ነው፤ ስሙን የለወጡብዎ ሌሎች ናቸው።

ስለ ጎኑ፦ ኮራሉ እየወፈረ ሲሄድ ጎንና ጎን ላይ ያሉት ይጨናነቃሉ፣ ቦዩም ይጠብባል። ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው የኖረው ጎን ደግሞ ጠርዙ አልቋል። የክረምት ውኃ ትንሽ አሲድነት አለው፤ በዓመታት ብዛት ያንኑ ሎሚው ያደረገውን ቀስ ብሎ ያደርጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ አናቱን እንይ፣ በነፃነት ያደገበትን። አናቱ ላይ ቦዩ ግልጽ ነው።

የሰበታው መምህር

አናቱን ድጋሚ አየሁት። ልክ ነህ፣ ቦይ አለ። ከጎን ያለው የፎቶ ብርሃን ሌላ መልክ ሰጥቶት ነው። ስሙን ተማሪዎቼ ይሰሙታል፤ ምላሳቸው እንዴት እንደሚዞር እናያለን።

ቢራቢሮ

ዲፕ... ዲፕሳ... እኔ "የሱሉልታ ኮራል" እላለሁ፣ ጨረስኩ።

ሱሉልታዊት

ጠላቂው፣ ዲፕሳስትሪያ ራሱ አንድ ዝርያ ነው ወይስ ብዙ?

ጠላቂው

ብዙ። ቀይ ባሕር ውስጥ በየሪፉ የሚገኙት ብዙ ናቸው፤ እርስ በርስም ያምታታሉ። በስፋታቸው ብናስኬደው፣ ፓሊዳ የሚባለው ጽዋው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ፋቩስ የሚባለው ከዚያ ይበልጣል፤ ጽዋው ሾጠጥ ብሎ ወጣ ያለ፣ ሴፕታውም ሻካራና ጎርበጥባጣ ነው። ያንቺ ከ11 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ ፋቩስ አደላለሁ።

ከዚህ በላይ አልገፋም። ሌላ ተቀራራቢ ስፋት ያላቸው አሉ። ከእነሱ ለመለየት የሴፕታውን ጥርሶች ማየት ያስፈልጋል፤ ያንቺ ኮራል ላይ ጥርሶቹ በዝናብ አልቀዋል። ወገኑን እርግጠኛ ነኝ፣ ዝርያውን "ይመስላል" ብዬ ነው የምጽፈው። ፎቶ አይቶ ሙሉ ስም የሚሰጥሽ ሰው ካለ ተጠንቀቂው።

ፋቩስን በሳይንስ ስም የሰየመው ፎርስኮል ነው። ከዴንማርክ በተላከ ቡድን ውስጥ ሆኖ ቀይ ባሕርን ያጠና፣ በ1763 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ በወባ የሞተ። መጽሐፉ የወጣው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያሳተመለት ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ነው።

የሰበታው መምህር

ከተነሣ አይቀር፣ ሎቦፊሊያ ሄምፕሪኪ የሚባል የቀይ ባሕር ኮራል አለ። ሄምፕሪክ ጀርመናዊ ነበር፤ በ1825 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ሞተ። ባልደረባው ኤረንበርግ በ1834 እ.ኤ.አ. የቀይ ባሕርን ኮራሎች ሲጽፍ በስሙ ሰየመለት። እነዚያ ሰዎች ኮራል ሊያዩ ሄደው እዚያው ነው የሚቀሩት።

የገላኑ ሹፌር

ሰላም እህቴ ሱሉልታዊት። እኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። እኛ ስንመለስ ዛጎልም የባሕር ድንጋይም ይዘን መምጣት ድሮ የተለመደ ነበር። ለልጆች መጫወቻ፣ ለቡፌ ማሳመሪያ። አከራይሽ ቤት ሹፌር የነበረ ሰው የለም?

ሱሉልታዊት

ሹፌር አይደለም። ባሕር ኃይል!

ማታ ቡና ላይ ጠየቅኋቸው። እማማ "እሱን የት አገኘሽው?" አሉና ዝም ብለው ቆዩ። ድንጋዩን ያመጡት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ እማማም እዚያው ምጽዋ፣ ጥዋለት የምትባለው ደሴት ላይ ተዋልደው ኖረዋል። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ከመውጣቷ በፊት። "ፍራሽና ራዲዮ ይዘን መጣን፤ እሱ ግን ድንጋይ ካልያዝኩ አለ" አሉኝ። መጀመሪያ ቡፌ ላይ ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ ወደ ግቢ ወጣ። ከግሪን አይላንድ ነው ወይስ ከሌላ ደሴት እሳቸውም አያስታውሱም፤ "በጀልባ ሄደው ነው ያወጡት" ብቻ ነው የሚሉት።

የድሮ ምጽዋ ቤቶችም በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው አሉኝ፤ "ግድግዳችን ራሱ እንደዚህ ነበር"። እውነት ነው?

ጠላቂው

እውነት ነው። የድሮዋ ምጽዋ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ እየተጠረቡ ነው የተሠሩት። ሱዳን ያለችው ሱዋኪንም እንዲሁ።

አለት_ወዳድ

የእማማ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን የአፋሩን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም፤ የ125 ሺህ ዓመቱ ኮራል አንዳንዱ ከዘመናዊው አይለይም። ሱሉልታዊት፣ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አጉልተሽ አንሺልኝ። አንድ የእርሳስ ውፍረት ያለው ክብ ቀዳዳ አይቻለሁ። ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፤ ለስላሳ ነው፣ ሴፕታ የለውም።

ሱሉልታዊት

አዎ አለ። በመርፌ ጎርጎር ሳደርገው ውስጡ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብዬ አወጣሁት። እንደ ቴምር ፍሬ ረዘም ያለ፣ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ነው። ስስ ነው። ላዩ ላይ ቡናማ ቆዳ አለው፣ ዳር ዳሩ ላይ እየተላጠ። ከቆዳው ሥር ዕንቁ መሳይ ያብለጨልጫል።

ጠላቂው

ድንጋይ በል ነው። ኮራል ውስጥ አሲድ እየረጨ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ዛጎል። ከውስጡ ሳይወጣ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው።

አለት_ወዳድ

እሱን ነበር የፈለግሁት። ያ ቡናማ ቆዳ ፕሮቲን ነው፤ እንኳን 125 ሺህ ዓመት፣ ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ ጥቂት ዓመትም አይቆይ። ቀዳዳው ውስጥ ተሸሽጎ ነው የተረፈው። ስለዚህ ኮራሉ የቅርብ ጊዜ ነው፤ የእማማ ቃልም ተረጋገጠ። አፋርን ጣልኩ።

የሥሩ ስብራትም ስለታም ነው፣ አልተሸረሸረም። ከባሕር ዳር የተለቀመ ቢሆን ማዕበል ባሞለሞለው ነበር። እንደተባለው ከሪፉ ላይ በመዶሻ የተነቀለ ነው።

ሱሉልታዊት

ያኔ ሲነቀል ዕድሜው ስንት ይሆን ነበር? ከሥር እስከ አናት 14 ሴንቲ ሜትር ነው።

ጠላቂው

ይህ ወገን ሽቅብ የሚያድገው በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 14 ዓመት፣ ሲሆን ከ20 በላይ በይው። በትክክል መቁጠር ከተፈለገ ስስ አድርገው ቆርጠው ራጅ ያነሡታል፤ አፅሙ በየዓመቱ ጠቆርና ነጣ ያለ ንብርብር ይሠራል። አንቺ ግን አትቁረጪው።

ሁሉ_በእጄ

ዋጋው ስንት ይሆናል? ውጭ አገር በዶላር ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጠላቂው

ጠንካራ ኮራል ሁሉ ሳይትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ነው። ያለ ፈቃድ ድንበር አታሻግረውም። ነፃ የሆነው የቅሪተ አካል ኮራል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አሁን እንዳየነው ቅሪተ አካል አይደለም። አየር መንገድ ላይ ተይዞ የሚወረስ ዕቃ ነው። ደግሞም የእማማ ነው፣ የሱሉልታዊት አይደለም።

የሰበታው መምህር

ሱሉልታዊት፣ አንድ ምክር። ያገኘሽውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊው፦ ስሙን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳመጣው፣ በግምት መቼ። ቦታው ያልተጻፈለት ናሙና ለሳይንስ ብዙም አይረባም። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ እማማ አንድ ቀን መስጠት ቢፈልጉ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ።

ሱሉልታዊት

ጻፍኩት መምህር። "ዲፕሳስትሪያ፣ ፋቩስ ይመስላል። ምጽዋ አካባቢ፣ ከ1982 ዓ.ም. በፊት፣ ከሪፍ ላይ የተነቀለ።" የእማማ ባለቤትን ስም እዚህ አልጻፍኩትም፣ ወረቀቱ ላይ ግን አለ። ድንጋይ በሉን በክብሪት ሳጥን አድርጌ አያይዤዋለሁ።

እማማ ወደ ቡፌው ይመለስ ብለዋል። ሽበቱን በምን ላስለቅቅ? በኦሞ አልሄደልኝም።

ጠላቂው

በረኪና። አንድ እጅ በረኪና፣ አስር እጅ ውኃ። አንድ ቀን ዘፍዝፊው፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ እየቀየርሽ ደጋግመሽ አለቅልቂና ፀሐይ ላይ አድርቂው። ሎሚና አቼቶ እንዳይነካው። በረኪናንና አቼቶን ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳትቀላቅያቸው፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ድንጋይ በሉን አትዘፍዝፊ፤ ቆዳው ይሄዳል።

የገላኑ ሹፌር

እኔም ልጠይቅ እንጂ ወንድም ጠላቂው፣ ጎረቤት ነን። ቤቴ አንድ የባሕር ድንጋይ አለ፣ ቀይ። እንደ ቀጫጭን ቧንቧ ብዙ ሆኖ የቆመ፣ በየመካከሉ ወለል ያለው። ባለቤቴ ሰው ቀለም የቀባው ነው ትላለች። እኔ ከባሕር ዳር በእጄ ነው ያነሣሁት። እሱስ የትኛው ጠንካራ ኮራል ነው?

ጠላቂው

ቀለም አልተቀባም፣ አፅሙ ራሱ ቀይ ነው። ቱቢፖራ ሙሲካ ይባላል። ደረቅ ቢሆንም ከጠንካራ ኮራል ወገን አይደለም፤ ፖሊፑ ስምንት ክንድ አለው፣ ዘመዶቹ ለስላሳ ኮራሎች ናቸው። ቧንቧው ሲነኩት ይሰበራል፣ ልጆች እጅ እንዳይገባ። ፎቶ ለብቻው ክር ክፈትና ለጥፈው፤ እዚህ ይጠፋብናል።